ስንዴ በስንዴ ላይ፣ ወይስ ባቄላ በመሀል? ሰብል ማፈራረቅና የአፈር ካርቦን

በመርካቶ እህል በረንዳ ጤፍና ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ሸማቹ የሚመለከተው ዋጋቸውንና ጥራታቸውን ነው። በገበሬው ማሳ ላይ ግን የትኛው ከየትኛው በኋላ ተዘራ የሚለው ጥያቄ የአፈሩን የወደፊት ለምነት ይነካል። የለምነት አንዱ መሠረት በአፈር ውስጥ የሚቀመጠው ካርቦን ነው። ጉዳዩን በአጭሩ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ካርቦን እንዴት ይቀመጣል?

ተክል ካርቦንን ከአየር ወስዶ ሥር፣ አገዳና ቅጠል ይሠራበታል። ይህ ሁሉ አፈር ውስጥ ሲበሰብስ አብዛኛው ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል፤ ጥቂቱ ግን ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ለዓመታት ይቆያል። እንዲህ ያለ አፈር ውኃ ይይዛል፣ በዝናብም ቶሎ አይታጠብም። የዓለም አፈር የያዘው ካርቦን በከባቢ አየር ውስጥ ካለው ይበልጣል። ስለዚህ አፈር ሲራቆት ገበሬው ምርት ያጣል፣ አየሩም ተጨማሪ ካርቦን ይሸከማል።

ማፈራረቅ ምን ይጠቅማል?

በአርሲና በባሌ ደጋዎች በአንድ ማሳ ላይ ስንዴን ከዓመት ዓመት መዝራት የተለመደ ነው። ይህ አረምና በሽታ እንዲበረታ መንገድ ይከፍታል። በአንድ ሰብል መመካት ምን ያህል እንደሚያሰጋ በ2010 እ.ኤ.አ. በሀገራችን ስንዴ ላይ የወረደው ቢጫ ዋግ አሳይቶናል።

ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ሥራቸው ላይ ባሉት እብጠቶች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዱላቸዋል። በቀጣዩ ዓመት የሚዘራው ስንዴ ከዚህ ተጠቅሞ ብዙ ሥርና ገለባ ያወጣል። በአድአና በምንጃር የዋልካ መሬት ጤፍንና ሽምብራን የሚያፈራርቁ ገበሬዎች ይህን ጥቅም ያውቁታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ጥራጥሬ ራሱ የሚተወው ተረፈ ምርት ጥቂት ነው፣ ቶሎም ይበሰብሳል። የካርቦኑ ትርፍ በአብዛኛው የሚመጣው ከተከታዩ ሰብል ሥርና ገለባ ነው። ገለባው በሙሉ ለከብት ከተሰጠ፣ ፍጉም ኩበት ሆኖ ከተቃጠለ ማፈራረቁ ብቻውን አፈሩን አያበለጽግም።

ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ብዙ የመርካቶ ነጋዴዎች ከሚመጡበት ከስልጤና ከጉራጌ ብንጀምር፣ የከብት ፍግ የሚደፋበት የእንሰት ጓሮ አፈር ከቤት ከራቀው ማሳ ይልቅ ለም ነው። በእንግሊዝ ሮትሃምስቴድ ከ1843 ጀምሮ ስንዴ ሲዘራበት በኖረ ማሳም፣ በየዓመቱ ፍግ የሚያገኘው ክፍል ፍግም ማዳበሪያም ከማያገኘው ክፍል ከእጥፍ በላይ ካርቦን ይዟል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንዱሉስ የኖረው ሙስሊሙ ሊቅ ኢብኑል ዐዋምም በ«ኪታቡል ፊላሓ» ስለ አፈርና ስለ ፍግ በስፋት ጽፏል።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

የእህል ዘካ በዝናብ ከበቀለው ከአሥር አንድ፣ በድካምና በወጪ በመስኖ ከለማው ከሃያ አንድ ነው። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ምርቱ 5 ወስቅ ካልሞላ ዘካ አይወጣበትም። አፈሩ የተራቆተበት ገበሬ ትናንት ዘካ ይሰጥ ከነበረ ነገ ተቀባይ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጋር የድሆች ድርሻም ይቀንሳል።

ለአንድ ዓመት መሬት የተኮናተረ ገበሬ ዘንድሮ ገበያ የሚያወጣለትን ቢዘራ አይፈረድበትም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚታየውን ጥቅም የሚያገኘው ሌላ ሰው ነውና። ባለመሬቱ የኮንትራቱን ዘመን ቢያረዝም ተኮናታሪው ለአፈሩ የሚያስብበት ምክንያት ያገኛል። ነጋዴው ለባቄላና ለሽምብራ ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል ገበሬው ጥራጥሬን በመሀል ለማስገባት አይፈራም። ገጠር ዘመድ ያለን ደግሞ በሚቀጥለው ስንደውል ገለባው በሙሉ ከማሳ እንዳይወጣ፣ ፍጉም ከሚቃጠል ወደ ብስባሽ ጉድጓድ እንዲገባ እንምከር። ለዚህ ግን ቤተሰቡ ሌላ ማገዶ ማግኘት አለበት፤ አቅሙ ያለን እዚያ ላይ እናግዝ።

መሬት ከአላህ የተሰጠን አማና ናት። ስንጠቀምባት ለሚመጣው ትውልድም እንድናስብ አላህ (ሱ.ወ.) ይርዳን። ወላሁ አዕለም።