ኦሪጅናል የገዛውን እንደ ሌባ የሚጠረጥር ፍተሻ

ሶፍትዌር በገንዘቡ የገዛ ሰው፣ ከገዛ በኋላም ቢሆን ከጥያቄ አያመልጥም። ፕሮግራሙ ከጀርባ በኢንተርኔት ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፣ ቁልፉን ያስመረምራል፣ «ሕጋዊ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ይጠብቃል። ፍተሻው ማንን እንደሚጠቅምና በማን ላይ እንደሚከብድ ብዙ ይነገራል፤ ከሚነገረው ውስጥ ግን ሲመረመር የማይቆም አለ።

ተረት፦ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ፍተሻውን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒና ለቪስታ «ዊንዶውስ ጀንዩን አድቫንቴጅ» የሚባል የፍተሻ አገልግሎት ነበረው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2007፣ ዓርብ ዕለት፣ ለሥራ ያልደረሰ ኮድ በስህተት ወደ ዋናዎቹ ሰርቨሮች ተላከ። ከዚያ በኋላ ለ19 ሰዓት ያህል ዊንዶውሳቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎች ኮምፒውተራቸው ሲፈተሽ «ሕጋዊ ቅጂ አይደለም» ተባሉ። የቪስታ ተጠቃሚዎች ደግሞ ማስጠንቀቂያው ሳያንስ ኤሮ የተባለው የመስኮቶች ገጽታና ሌሎች አገልግሎቶች ተዘጉባቸው። ኩባንያው ችግሩ የደረሰባቸው ኮምፒውተሮች ከ12,000 በታች መሆናቸውን አስታወቀ።

ከዊንዶውስ ተጠቃሚ ብዛት አንጻር ቁጥሩ ጥቂት ነው። ትልቁ ትምህርት ያለው ግን አሠራሩ ላይ ነው። ፍተሻው ሲነደፍ ለደንበኛው እንዲያደላ ተደርጎ ነበር፤ ሰርቨሩ ቢጠፋ ወይም ባይገኝ ኮምፒውተሩ ሕጋዊ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሰርቨሩ አልጠፋም። እየሠራ፣ ለጠየቀው ሁሉ መልስ እየሰጠ፣ መልሱ ስህተት ነበር። ሰርቨሩ ዝም ቢል የሚሆነው ታስቦበታል፤ ቢሳሳት ግን ከእሱ በላይ የሚጠየቅ አልነበረም። ደረሰኙን በእጁ የያዘ ሰው እንኳ ማሽኑ ፊት ደረሰኙ ዋጋ አጣ። ፍተሻው ከነጭራሹ የተቆረጠበትን ክራክ የሚጠቀም ሰው በአንጻሩ ያን ቀን ምንም አልነካውም፤ የእሱ ኮምፒውተር ሰርቨሩን አይጠይቅማ። በደሉ የደረሰው ሕግ ባከበረው ላይ ብቻ ነው፤ ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ተረት፦ ፍተሻው ሌባውን ያስቆማል።

ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በ2008 «ስፖር» የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ ሴኩሮም በሚባል መቆለፊያ አስሮ፣ ገዢው በሦስት ኮምፒውተር ብቻ አክቲቬት እንዲያደርግ ገደበው። ጨዋታው ግን በዚያው ዓመት በስርቆት በብዛት ከወረዱት ግንባር ቀደሙ ሆነ። ገዢው ገደቡን ተሸከመ፣ ሌባው ያለ ገደብ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2021 «ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅ» የተባለው የካፕኮም ጨዋታ በኮምፒውተር ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ባለሙያዎች ሲለኩት ክራክ የተደረገው ቅጂ ከተገዛው ይልቅ ሳይቆራረጥ ሠራ። ካፕኮምም የጸረ-ስርቆት ቴክኖሎጂውን የሚያስተካክል ማሻሻያ ለቀቀ።

ነገር ግን ፍተሻው ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለትም ሌላ ተረት ነው። ዴኑቮ በተባለው መቆለፊያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት፣ ጨዋታው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ክራክ ከተደረገ ገቢው በአማካይ 20 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ገምቷል። ሠርቶ አዳሪ ይህን ያህል ሲያጣ ዝም ይበል አይባልም። ያው ጥናት ግን ከ12 ሳምንት በኋላ በሚመጣ ክራክ ምክንያት የሚጠፋ ገቢ አላገኘም። እንግዲያው ከሦስት ወር በኋላ መቆለፊያውን ከገዢው ላይ የማያነሳ ኩባንያ ገቢዬን እየጠበቅሁ ነው ቢል አያሳምነኝም።

ተረት፦ እንዲያ ከሆነ ክራኩ ይሻላል።

አይሻልም። ክራክ የሚጫነው ብዙ ጊዜ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ከሚል መመሪያ ጋር ነው፤ ስቶፕ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ በዋነኝነት የተሰራጨው በዚሁ መንገድ ነው። በአገራችንም የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ አለው። ፍተሻው ለገዢው የጠቀመበት ጊዜም ነበር፦ ኦሪጅናል መስሏቸው አስመስሎ የተሠራ ዊንዶውስ ከሱቅ የገዙ ሰዎች ማጭበርበሩን ያወቁት በፍተሻው ነው፤ ማይክሮሶፍትም ዲስኩንና ደረሰኙን ለላኩ ገዢዎች እውነተኛውን ቅጂ በነፃ ይሰጥ ነበር።

ተረት፦ አንዴ አክቲቬት ካደረግሁት የእኔ ነው።

የእርስዎ የሚሆነው ሰርቨሩ እስካለ፣ መስመሩም እስካልተቋረጠ ድረስ ነው። አዶቤ ሲኤስ2 የተባሉት የዲዛይን ፕሮግራሞቹ የሚረጋገጡበትን ሰርቨር ሲዘጋ፣ ለቀድሞ ገዢዎች ፍተሻ የማይጠይቅ ቅጂ አዘጋጀ፤ የሚመሰገን ሥራ ነው። ሁሉም እንዲህ አያደርግም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ሴፍዲስክንና የቆዩ የሴኩሮም መቆለፊያዎችን መቀበል ስላቆመ፣ በዲስክ የተገዙ ብዙ ጨዋታዎች ዲስኩ ሳይበላሽ መከፈት እምቢ አሉ።

የመስመሩን ነገር ለእኛ መንገር አያሻም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። እንደ ማይክሮሶፍት 365 ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ መገናኘት የሚበቃው ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ጊዜ በአብዛኛው ይሻገረዋል። በየቀኑ ካልተገናኘሁ የሚል ግን ገንዘቡን የከፈለውን ሰው ሥራ ያስፈታዋል።

ስለዚህ ለሒሳብ መዝገብ፣ ለመድኃኒት ቤትና ለክሊኒክ ሶፍትዌር ለምትሠሩ ወገኖቻችን ልመናዬ ይህ ነው፦ ፍተሻ ካስፈለጋችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት የዕፎይታ ጊዜ ረጅም ይሁን፤ ፍተሻው ሲሳሳት ደንበኛው ደውሎ ሰው የሚያገኝበት ስልክ ይኑር፤ የደንበኛውን መዝገብ ግን በምንም ምክንያት አትቆልፉበት። ሶፍትዌር የሚገዙ አንባቢም ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ያለ ኢንተርኔት ስንት ቀን ይሠራል? ኮምፒውተር ብቀይር ቁልፉ አብሮኝ ይሄዳል? ድርጅቱ ቢዘጋ ምን አደርጋለሁ? መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።