ቁመቱ ሲሻሻል ደሙ ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው ቀንጭረው ተገኙ። ቁጥሩ በ2005 ወደ 51፣ በ2011 ወደ 44፣ በ2016 ደግሞ ወደ 38 ወረደ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መመደብ፣ ሴፍቲኔት፣ ክትባትና የእናቶች መማር ለዚህ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሊቃለል የማይገባው ትልቅ ለውጥ ነው።

የደም ማነስ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በ2005 ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት ሕፃናት 54 በመቶው ደም አንሷቸው ነበር። በ2011 ወደ 44 ዝቅ ቢልም በ2016 ተመልሶ 57 በመቶ ደረሰ። የ2016ቱ ጥናት የተካሄደው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለምግብ እርዳታ በተዳረገበት የድርቅ ወቅት ነውና ድርቁ እጁ አለበት። ነገር ግን በዚያው ጥናት መቀንጨር መቀነሱን ቀጥሏል። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በድርቅ ማሳበብ አያዋጣም።

ክልሎቹን ጎን ለጎን ስናይ ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። በ2016 መቀንጨር የከፋው በአማራ ክልል ነበር፤ 46 በመቶ። ዝቅተኛው የደም ማነስ የተመዘገበውም እዚያው ነው፤ 42 በመቶ። በሶማሌ ክልል የተገላቢጦሽ ነው፦ የቀነጨሩት 27 በመቶ ሲሆኑ ደም ያነሳቸው ግን 83 በመቶ ናቸው። የአርብቶ አደር ልጅ ወተት ያገኛል፤ ወተት ቁመት ይሰጣል። ብረት ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆድ ስለሚሞላም ሌላውን ምግብ ያስረሳል። በቆላው ወባም ደም ይጨርሳል። የደጋው ልጅ በበኩሉ ብረት ያለበት የጤፍ እንጀራ ይቀምሳል፤ የሊጡ መቡካትም ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ግን ብርቅ ናቸው። ሌላም ምክንያት መኖሩ አይቀርም፤ ሆኖም አንዱን ችግር የሚፈታ ሌላውንም ይፈታል ብሎ መተው ስህተት መሆኑን ይህ ብቻ ያሳያል።

የደም ማነስ የሚበረታው ገና በጠዋቱ ነው። በ2016 ከ6 እስከ 11 ወር ካሉት ሕፃናት ከአራቱ ሦስት ያህሉ ደም አንሷቸው ነበር። ሕፃን ከማኅፀን ይዞት የወጣው የብረት ስንቅ በስድስተኛው ወር ገደማ ያልቃል፤ የጡት ወተት ደግሞ ብረቱ ጥቂት ነው። እናትየዋ ራሷ ስንቅ ከሌላት ለልጇ ከየት ታመጣለች? በ2016 በእርግዝናቸው ብረት የወሰዱ እናቶች 42 በመቶ ሲሆኑ፣ ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ ናቸው።

ሕፃኑ ስድስት ወር ሲሞላው የሚቀርብለትስ ምንድን ነው? በብዙ ቤት ቀጭን ሙቅ ነው፤ ማንኪያው ላይ የማይቆም፣ ውኃ የበዛበት። የዶሮዋ እንቁላል ለጨውና ለሳሙና መግዣ ገበያ ይወርዳል። በጾም ወራት ደግሞ ሕፃኑ ከጾም ነፃ ቢሆንም እናት የጾም ዕቃው እንዳይነካካባት ስትል የፍስክ ምግብ ለብቻው አትሠራለትም። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት በ2016 በቂና የተመጣጠነ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከዚህ ኑሮ የመጣ ነው።

የ2019ኙ አጭር ጥናት መቀንጨርን 37 በመቶ ላይ አገኘው፤ በሦስት ዓመት ፈቀቅ ያለው በአንድ የመቶኛ ነጥብ ብቻ ነው። ደም ግን አልለካም። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ጦርነት፣ በደቡብና በምሥራቅ ድርቅ ተከታትለው መጡ። በ2022 የስንዴ ዱቄት በንጥረ ነገር እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ መውጣቱ መልካም ነው፤ ዳቦ ከማይበላ የስምንት ወር ሕፃን ዘንድ ግን አይደርስም።

ሀገር አቀፍ ጥናቶች ቁመት በለኩ ቁጥር ደምም ይለኩ። እናቶች ሆይ፣ ሙቁን አወፍሩት፤ ከእንቁላሉ ለልጁ አስቀሩለት። አባቶችም በጾም ወራት ለሕፃኑ ምግብ ብቻ የሚሆን አንድ ድስት ግዙለት።