የብሪታንያ አየር ወለድ፦ ለዝላይ ተመሥርቶ በእግሩ የሚዋጋ ጦር

የብሪታንያ አየር ወለድ ሙሉ ሻለቃ ሆኖ በጠላት ይዞታ ላይ በጃንጥላ የወረደው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በስዊዝ ቦይ ጦርነት ሦስተኛው ሻለቃ ፖርት ሰይድ አጠገብ የሚገኘውን የጋሚል አውሮፕላን ማረፊያ ከሰማይ ወርዶ ያዘ። ከዚያ ወዲህ የተዋጋው በመርከብ፣ በሄሊኮፕተርና በእግር እየደረሰ ነው። ያም ሆኖ ዛሬም ወደ ጦሩ የሚገባ ምልምል ሁሉ ዝላይ ይማራል።

ጅማሬው የ1940ው ድንጋጤ ነበር። የጀርመን አየር ወለዶች የሆላንድን ድልድዮችና የቤልጂየምን ኤበን ኤማኤል ምሽግ ሲይዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ቢያንስ 5,000 የጃንጥላ ወታደር እንዲዘጋጅ አዘዙ። ማሠልጠኛው ማንቸስተር አጠገብ፣ ሪንግዌይ ላይ ተከፈተ። ለዝላይ የተሠራ አውሮፕላን ስላልነበረ ዊትሊ ከተባለው ቦምብ ጣይ ወለል ላይ ባለ ቀዳዳ ይወጡ ነበር። አወጣጡን ያላስተካከለ ፊቱ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ይጋጫል። በየካቲት 1942 በሻለቃ ጆን ፍሮስት የተመሩ 120 ያህል ወታደሮች ብሩኔቫል በተባለ የፈረንሳይ ጠረፍ በሌሊት ወረዱ። የጀርመንን ራዳር ፈታትተው ዋና ዋና ክፍሎቹን ይዘው በጀልባ ተመለሱ። በዚያው ዓመት የፓራሹት ሬጅመንት በይፋ ተቋቋመ፤ ወይን ጠጅ መለዮውም የዚያ ዘመን ነው።

ስለዚህ ጦር ሲነሳ ግን ሁሉም የሚያነሳው አርነምን ነው። በመስከረም 1944 ከ10,000 በላይ ሰው ያለው አንደኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር አርነም ከተማ ያለውን የራይን ድልድይ ይዞ እግረኛውና ታንከኛው እስኪደርስ እንዲጠብቅ ሆላንድ ላይ ወረደ። አውሮፕላን ስላልበቃ ጉዞው በተለያዩ ቀናት ተከፋፈለ። መውረጃው ደግሞ ከድልድዩ አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይርቅ ነበር። ሬዲዮዎቹ አልሠሩም። በአካባቢው ሁለት የጀርመን ታንከኛ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ድልድዩ ድረስ የዘለቀው በዋናነት ያው የብሩኔቫሉ ፍሮስት የመራው ኃይል ነው፤ እሱም ሰሜናዊውን ጫፍ ይዞ ጥይቱ እስኪያልቅ አራት ቀን ገደማ ተዋጋ። በአቅራቢያው ባለው ኦስተርቤክ መንደር ውስጥ ኬት ቴር ሆርስት የተባለች የአምስት ልጆች እናት ልጆቿን ምድር ቤት አስገብታ ቤቷን ለቁስለኞች ከፈተች። ከ200 በላይ ቁስለኞች እዚያ ተጠልለዋል። በመጨረሻ ወንዙን ተሻግረው የተመለሱት 2,000 ከፍ የሚሉ ብቻ ናቸው። የወታደሮቹ ጀግንነት አያጠራጥርም፤ የከሸፈው ዕቅዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1982 በፎክላንድ ጦርነት ሁለተኛውና ሦስተኛው ሻለቃ በመርከብ ደርሰው፣ ጓዛቸውን ተሸክመው በረግረጉ ላይ ተጉዘዋል። ሁለተኛው ሻለቃ ጉዝ ግሪንን ሲይዝ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ኸርበርት ጆንስ ወደቁ፤ ሎንግደን ተራራ ላይ ደግሞ ሳጅን ኢያን ማኬይ። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸልመዋል።

በሰሜን አየርላንድ የተፈጸመው ከዚህ ታሪክ ሊነጠል አይገባም። ጥር 30 ቀን 1972 ዴሪ ከተማ ውስጥ የአንደኛው ሻለቃ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ ከቆሰሉት አንዱ ቆይቶ ሞተ። በ2010 የወጣው የሳቪል ምርመራ ከተገደሉት መካከል ለወታደሮቹ አስጊ የነበረ አንድም ሰው እንዳልነበረ አረጋገጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮንም በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ቤተሰቦቹ ይህን ቃል ለመስማት 38 ዓመት ጠብቀዋል። ፈጥኖ ለማጥቃት የሠለጠነን ጦር ሰላማዊ ሰልፈኞች ፊት ያሰለፉትም ተጠያቂ ናቸው፤ ይህ ግን የተኳሾቹን ጥፋት አያቀልም።

ዛሬ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሻለቃ ኮልቸስተር ላይ የ16ኛው የአየር ጥቃት ብርጌድ አካል ናቸው። አንደኛው ልዩ ኃይሎችን ይደግፋል፤ አራተኛው ተጠባባቂ ነው። በነሐሴ 2021 ከካቡል ሰው ሲወጣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይህ ብርጌድ ነበር።

ለምን ይዘላሉ ለሚለው መልሱ ያለው ፒ ካምፓኒ በሚባለው ፈተና ውስጥ ይመስለኛል። ምልምሎች ግንድ ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ከፍ ባለ የብረት ማማ ላይ ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ፤ ለአንድ ደቂቃ ፊት ለፊት ቆመው በቡጢ ይጋጠማሉ። በቡጢው ዋናው መመዘኛ አለማፈግፈግ ነው። ያለፈው ብራይዝ ኖርተን ሄዶ በአየር ኃይል አስተማሪዎች ዝላይ ይማራል። ጃንጥላው አውሮፕላኑ ውስጥ ካለ ሽቦ ጋር በማሰሪያ ስለሚያያዝ ዘላዩ ሲወጣ ራሱ ይከፈታል። ከ240 ሜትር ገደማ ከፍታ መሬት ለመድረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያን በር በፈቃዱ ያለፈ ሰው ከጎኑ ያለውም እንዳለፈ ያውቃል፤ በእግር በሚገባበት ውጊያም የሚተማመኑት በዚህ ነው።

ሰውን ማሠልጠን ግን ብቻውን ጦሩን አያዘልልም። ለአሥርተ ዓመታት ዘላዮችን ያመላለሰው ሄርኩለስ የተባለው አውሮፕላን በ2023 ከብሪታንያ አየር ኃይል ተሰናበተ፤ ሥራውን የተረከበው አትላስ ነው። አንዱ አትላስ 116 ዘላይ ስለሚይዝ 600 ሰው ያለው ሻለቃ በአንድ ጊዜ እንዲወርድ ስድስት አውሮፕላን ያስፈልጋል። አገሪቱ ያላት 22 ነው፤ እነዚሁ ጭነት፣ ቁስለኛና ሌላውን ጦር ሁሉ ያመላልሳሉ።