በርንሃርድ ላንገር፦ ከ50 ዓመቱ በኋላ 47 ድል

ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ እንጂ ስለ ጎልፍ ብዙም አንጽፍም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰፊ ሣር፣ ብዙ ውሃና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። ደንቡ ግን አያስቸግርም፤ ትንሿን ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ መክተት፣ በቃ። በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ዛሬ ወደዚህ ጨዋታ የወሰደን ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር ነው።

ላንገር እ.ኤ.አ. በ1957 በደቡብ ጀርመን አንሃውዘን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የተወለዱት ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሩሲያውያን ማርከዋቸው ወደ ሳይቤሪያ በሚሄድ ባቡር ሲወሰዱ፣ ከባቡሩ ዘለው አመለጡ። ኑሯቸውን ባቫሪያ ውስጥ መሠረቱ፤ ሥራቸውም ግንበኝነት ነበር። የግንበኛ ልጅ ደግሞ የጎልፍ ክለብ አባል አይሆንም። ላንገር ሜዳውን የረገጠው ገና ተማሪ ሳለ የሌሎችን የዱላ ከረጢት ተሸክሞ ሳንቲም ለመልቀም ነው።

ተሸካሚው ልጅ በ1985 እና በ1993 አሜሪካ ኦገስታ ላይ የሚደረገውን ታላቁን የማስተርስ ውድድር አሸነፈ። በ1986 የዓለም የጎልፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣም አንደኛ እሱ ነበር።

አንድ ጣጣ ግን ነበረበት። ኳሷን ከሩቅ አምጥቶ ጉድጓዱ አፍ ካደረሳት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥበታል። ይሄ ችግር ተወው ሲባል እየተመለሰ ብዙ ጊዜ አሠቃይቶታል። የዱላ አያያዙን ለወጠ፣ በኋላም ረጅም ዱላ ያዘ። በ1991 አውሮፓና አሜሪካ በሚጋጠሙበት የራይደር ዋንጫ፣ በመጨረሻው ግጥሚያ፣ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ፣ ሁለት ሜትር የማትሞላ ምት ቀረችው። ብትገባ ዋንጫው ከአውሮፓ እጅ አይወጣም። ኳሷ አልፋ ሄደች። ያን ቀን የገጠመው አሜሪካዊው ሄል አይርዊን ነበር፤ ስሙን ያዙልን። ላንገር በሳምንቱ አገሩ ጀርመን ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ።

በ2007 50 ዓመት ሞላውና ወደ አሜሪካው የአንጋፋዎች ውድድር ገባ። ብዙዎች እዚያ የሚገቡት ለጨዋታና ለትዝታ ነው። እሱ ግን ማሸነፉን ተያያዘው። በ2014 ዌልስ ላይ የአንጋፋዎችን ኦፕን የወሰደው ሁለተኛውን በ13 ምት በልጦ ነው፤ በእግር ኳስ ብንተረጉመው ስድስት ለዜሮ ማለት ሳይሆን አይቀርም። ከአንጋፋዎቹ ዋና ዋና ሻምፒዮናዎች 12 አግኝቷል፤ ከሱ የበለጠ ያገኘ የለም።

የአንጋፋዎች ጠቅላላ ድል ክብረ ወሰን 45 ሲሆን፣ ባለቤቱ ያው ሄል አይርዊን ነበር። ላንገር በየካቲት 2023 እኩል ደረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአሜሪካን የአንጋፋዎች ኦፕን በ65 ዓመቱ አሸንፎ 46 አደረሰው።

በ2024 መጀመሪያ ፒክልቦል የሚባል ቴኒስ መሰል ጨዋታ ሲጫወት የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። በቀዶ ሕክምና ተጠግኖ በግንቦት ወር ተመለሰ። ኅዳር ላይ ፊኒክስ ከተማ፣ የዓመቱ መዝጊያ ውድድር የመጨረሻ ጉድጓድ ላይ፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል የሚርቅ ምት ቀረው። ያ እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰው ከተታት። 47ኛ ድሉ ሆነች፤ ዕድሜው 67። ከ2007 ጀምሮ 18 ዓመት ሙሉ ሳያሸንፍ ያለፈው ዓመት አልነበረም ማለት ነው።

በሚያዝያ 2025 ከማስተርስ ተሰናበተ። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሳያልፍ የቀረው በአንዲት ምት ነበር።