አሮጌ ጠመንጃ የሚመሰክረው በራሱ ብረት ነው

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ውስጥ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጥተዋቸዋል። ሽጉጡ በደቡብ አፍሪካ ሊሊስሊፍ በተባለ እርሻ ተቀበረ፤ በኋላ ቢፈለግም አልተገኘም። ነገ አንድ ሰው ዝገት የበላው ሽጉጥ ይዞ «ያ የማንዴላው ይኸውላችሁ» ቢል የሚዳኘው ወሬው ሳይሆን ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥርና ማኅተም ነው።

በገጠርም ነገሩ ያው ነው። ሰብሉን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ከሚጠብቀው አርሶ አደር መካከል ከአባት ከአያት የወረሰው ጠመንጃ ያለው ጥቂት አይደለም። «የዓድዋ ነው» ይባላል፤ በዚሁ ስምም ዋጋ ይጠራበታል። መሣሪያው የቀድሞ ይዘቱን መጠበቁን ወይም መነካካቱን መለየት ግን ለገንዘብም ለሕይወትም ይጠቅማል።

የተለወጠ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ሰናድር ራሱ የተለወጠ ጠመንጃ ነው፤ እንግሊዞች በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን የኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላው እንዲጎርስ አድርገው ሠሩት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው ጦራቸውም ይህንኑ ታጥቆ ነበር። ውጅግራም ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ በአውሮፓ ብዙው አፈሙዙ ተቦርቡሮ ርሽ የሚተኩስ የአደን ጠመንጃ ሆኗል። እንዲህ ያለው ለውጥ በባለሙያ የተሠራ ነው። አደገኛው በመጋዝ፣ በሞረድና በብየዳ በየቤቱ የሚደረገው ነው።

ባለሁለት አፈሙዙን የርሽ ጠመንጃ ለመመርመር አስቀድሞ ጥይት አለመጉረሱን ማረጋገጥ ይገባል። ቀጥሎ ቁጥሩ ይታያል። አፈሙዙ ሥር፣ ዋናው አካል ላይና ከፊት ያለው እንጨት ብረት ላይ የተመታው ቁጥር አንድ ካልሆነ፣ መሣሪያው ከሁለት ጠመንጃ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አፈሙዞች ወደ ጫፍ ሲሄዱ እየተጠጋጉ በአብዛኛው ይነካካሉ። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ወይም ክፍተቱ በእርሳስ ከተደፈነ፣ ጫፉ መቆረጡን ይጠረጥሯል። ርሹን የሚሰበስበው ጥበት ያለው ጫፉ ላይ ስለሆነ፣ የተቆረጠ ጠመንጃ ርሹን ይበትናል፤ በማሳው ዳር ላለ ሰውና ከብትም ያሰጋል።

ማኅተሙም ይነበባል። በቤልጅግ አገር በልዬዥ ከተማ የተፈተነ ጠመንጃ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት ይታዩበታል። እንግሊዝና ፈረንሳይም የየራሳቸው የመፈተኛ ማኅተም አላቸው። ማኅተሙ አፈሙዙ በምን ዓይነት ባሩድ እንደተፈተነ ሊናገር ይችላል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ አሮጌ አፈሙዝ በዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ሊፈነዳ ይችላል።

የጥይቱ ርዝመትም እንዲሁ ያታልላል። ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ለ65 ሚሊ ሜትር ቀለህ የተሠሩ ናቸው፤ የዛሬው በብዛት 70 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቱ የሚለካው ከተተኮሰና አፉ ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ፣ ያልተተኮሰው ጥይት ያለ ችግር ይገባል። ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ይጨምራል። ጥይቱ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

የወረዳ ኃላፊዎችም ይህን ለአርሶ አደሩ ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ የቁጥጥሩ ኃላፊነትም የፌዴራል ፖሊስ ነው። ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ለመዝጋቢው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ማለት ነው፤ ባለቤቱንም ለጥርጣሬ ይዳርጋል። ስለዚህ የወረሱትን ጠመንጃ ለማሳመር ብለው በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት፣ ቁጥሩን በሞረድ አይንኩት፣ አፈሙዙንም አይቁረጡት። በቀጭን ዘይት ጠርገው ከልጆች እጅ ያርቁት፤ ለምዝገባም በአቅራቢያዎ ያለውን ፖሊስ ይጠይቁ።