ቆሎዬ የተጠቀለለበት ወረቀት

ነሐሴ ላይ ነው። ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤቴ ሳዘግም መንገድ ዳር ከተቀመጡ እናት ቆሎ ገዛሁ። እንደ ቀንድ በተጠቀለለ ወረቀት ሰጡኝ። ቆሎው አልቆ ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይኔ ፊደል ላይ አረፈና፣ ያው ልማድ ሆኖብኝ ዘርግቼ አነበብኩት። የአንድ መሥሪያ ቤት የመኪና መጠየቂያ ፎርም ነው። የጠያቂ ፊርማ፣ የፈቃጅ ፊርማ፣ የስምሪት ፊርማ፣ ክብ ማህተም፤ አንዱም አልቀረው። ታች ጥግ ላይ ደግሞ «3ኛ ቅጂ» ይላል። መኪናው የተጠየቀው ለምን መሰላችሁ? አንድ ፖስታ ወደ ቅርንጫፍ ለማድረስ!

እኔ እንግዲህ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ፤ የደን ባለሙያም የኮምፒዩተር ሊቅም አይደለሁም። ሂሳቡ ግን ሊቅ የሚፈልግ አልሆነብኝም። ለአንድ ፖስታ ሦስት ወረቀት፣ አንድ መኪና፣ ነዳጅ፣ የሹፌር ግማሽ ቀን። ወረቀቱ ደግሞ የሆነ አገር ዛፍ ተቆርጦ፣ ብዙ ውሃና ጉልበት ፈጅቶ የተሠራ ነው። ባህር ተሻግሮ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ መጥቶ መጨረሻው ቆሎ መጠቅለያ!

ነገሩ ሲከነክነኝ የሰፈራችንን አንዲት ትልቅ ሴት አስታወስኩ። ስማቸው ይቆየን፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። በአንድ የግል አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት መዝገብ ቤት ውስጥ 22 ዓመት ሠርተዋል። በምሳ ሰዓት ብቅ አልኩና፣

«እትዬ፣ ዘመኑ እኮ የኮምፒዩተር ነው። ይሄ ሁሉ ወረቀት ለምኑ ነው?» አልኳቸው።

«አይ አንተ ልጅ! ወረቀቱ የባሰበት እኮ ኮምፒዩተሩ ከገባ ወዲህ ነው» አሉኝ እየሳቁ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ድርጅቱ ከሁለት ዓመት በፊት ግዥውን፣ መጋዘኑንና ሽያጩን የሚያገናኝ ፕሮግራም ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አስገብቷል። ሠራተኛው ጥያቄውን ኮምፒዩተር ላይ ይሞላል። እሰይ! ከዚያ ግን ፕሪንት ያደርገዋል። ወደ ኃላፊው ይዞ ይሮጣል። ኃላፊው ይፈርማል፣ ማህተም ይመታል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሳል። የተፈረመው ወረቀት ደግሞ ስካን ተደርጎ ተመልሶ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገባል! ወረቀቱ «ለማንኛውም» ተብሎ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። «ቤቱን የሞላው ይሄ ለማንኛውም ነው» ይላሉ እትዬ።

ጋቢውን ሳያወልቁ ካፖርት ደርቦ ሞቀኝ እንደ ማለት ነው እኮ፣ ወገኖቼ! አሮጌው አሠራር ሳይነሳ አዲሱ ከላዩ ሲደረብበት ወረቀቱም ይባክናል፣ መብራቱም ይባክናል።

ይህን እያልኩ ስፎክር እትዬ ፊታቸው ጠቆረ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሥራ አስኪያጁ ከመስከረም ጀምሮ ወረቀት ይቁም ብለዋል። ወረቀቱስ ይቁም፤ እኔስ የት ልቁም?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ዛፍ ይዳን ማለት ለአፍ ቀላል ነው። የእትዬን እንጀራ ግን ዛፉ አይጋግርላቸውም። ከጡረታ በፊት ገና ዓመታት ይቀሯቸዋል፤ የምታስተምሯት ልጅም አለቻቸው። እንደዚያ ዝም ብዬ የወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቤቴ ገብቼ ግን ማገላበጤን ቀጠልኩ። ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው? አያታ የሚባለው ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማህበር ከግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ወዲህ የወረቀት ትኬት እንዲቀር አድርጓል። ማህበሩ እንዳሰላው አንዱን የወረቀት ትኬት ለማስተናገድ 10 ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር፤ በኤሌክትሮኒክሱ 1 ዶላር ገደማ ሆነ። ልብ በሉ፣ ጥቅሙ የተገኘው ቀን ተቆርጦ ወረቀቱ በመቅረቱ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢኖሩ ኖሮ ወጪውም ሁለት ይሆን ነበር።

ወረቀቱ ትንሹ ነው፤ ትልቁ መንገዱ ነው። ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ እቃ አድራሽ ድርጅት ኦሪዮን የሚል ስም ያለው ፕሮግራም አለው። ሹፌሩ የቱን ቤት አስቀድሞ የቱን አስከትሎ ቢሄድ መንገድ እንደሚያጥርለት ኮምፒዩተሩ ያሰላለታል። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው በዚህ ዘዴ በዓመት 10 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ነዳጅ ይተርፋል፤ ወደ 38 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ እኛው ጋ እንምጣ። የመብራት፣ የውሃና የስልክ ሂሳብ ለመክፈል ሦስት ቦታ የተሰለፈ ያስታውሰዋል። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «ለሁሉ» የተባሉት ጣቢያዎች ሲከፈቱ ሦስቱ ሰልፍ አንድ ሆነ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ መስኮቱ ራሱ እጃችን ላይ ያለ ስልክ ውስጥ ገባ። ያልተሄደ መንገድ ነዳጅ አይጠጣም፣ ጭስም አያጨስ።

«ኮምፒዩተሩስ መብራት አይበላም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይበላል። ግን የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው። የሚያሰጋው አሮጌው ማሽን ነው፤ ውስጡ እርሳስና ሌላም መርዝ አለና ጓሮ ሲጣል አፈሩን ይበክላል።

ወደ እትዬ ልመለስ። ሳምንት ቆይቼ ሄድኩና አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ በ22 ዓመት ውስጥ 3ኛ ቅጂ ፈልጎ የመጣ ሰው አለ?»

አሰቡ፣ አሰቡና «አንድም!» አሉ።

«ታዲያ ይህን ከእርስዎ በስተቀር ማን ያውቃል? ፕሮግራሙ አያውቅ፣ ሥራ አስኪያጁ አያውቁ።»

እትዬ የዋዛ ሴት አይደሉም። ማታ ማታ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው የትኛው ፎርም እንደሚፈለግ፣ የትኛው ተከቶ ዞር ብሎ የሚያየው እንደሌለ በዝርዝር ጻፉ። ዝርዝሩን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። ዛሬ ፋይሉ ኮምፒዩተር ውስጥ በየትኛው ስም እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቀድሞ በየሳምንቱ ወረቀት አምጡ የሚለው ክፍል አሁን በወር ነው የሚጠይቀው። ሁሉም ነገር ሰመረ ግን አልላችሁም። ፖስታ ያመላልስ የነበረው ልጅ ወደ መጋዘን ተዛውሯል፤ ደስ አላለውም። እሱንም ቀድሞ የጠየቀው ቢኖር ጥሩ ነበር።

እንግዲህ ቢሮ ያላችሁ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ይህችን ምክር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት የሚቀረውን ሥራ ለዩ። የማይረባ ፎርም ኮምፒዩተር ላይ ቢሞላም ያው የማይረባ ፎርም ነው።

ሁለተኛ፣ ወረቀት የሚቆምበትን ቀን ቁረጡ። «ለማንኛውም» የሚለውን ቃል ከቢሮ አስወጡት።

ሦስተኛ፣ ማህተም ካልተመታበት አይታመንም አትበሉ። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ፣ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ በሕግ ዕውቅና ሰጥተዋል። የሕግ አዋቂ ጠይቁና የትኛው ወረቀት የግድ እንደሆነ ለዩ።

አራተኛ፣ የተጻፈበትን ወረቀት ሳትቀዱ አትጣሉ፤ የሰው ገመና ቆሎ መጠቅለያ እንዳይሆን።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ መጀመሪያ መዝገብ ቤቷን ሴትና ተላላኪውን ልጅ አማክሩ። የቱ ጋ እንደሚባክን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከተፈራረዱ በኋላ ሳይሆን ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቋቸው።

በነገራችን ላይ ይህን ጽሑፍ ያረቀቅኩት በምን ላይ መሰላችሁ? እትዬ የሰጡኝ፣ ሥራ ያጡ ባዶ ፎርሞች ጀርባ ላይ ነው። ታች ጥጋቸው ላይ «3ኛ ቅጂ» ይላል።

ቸር እንሰንብት።