ከደጋ ወርዶ በምጽዋ ባሕር ዳር ዓሣ ስለ ማጥመድ

በደጋ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በወሬ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 115 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርደው መንገድ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰውን ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከጉም ወደ ጨው ነፋስ ያደርሰዋል። ስለዚህ የዕረፍት ቀኑን በምጽዋ ለማሳለፍ፣ በተለይም መንጠቆ ይዞ በባሕሩ ዳር ለመዋል የሚወርድ ሰው፣ ሰውነቱም ሆነ ዕውቀቱ ገና ደጋ ላይ ሳለ ድንገት ከባሕር ፊት ይቆማል። እኛም በአንድ ወቅት እንዲሁ ሆነን ቆመን ስለ ነበር፣ በዚያ ቀን የደረሰብንንና ከዚያም ወዲህ ጠይቀን የተረዳነውን ለቤተሰብ ዓምድ አንባቢዎች ለማካፈል ወደድን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት ጥቂት ብንል፣ አማርኛን በመማር ላይ ላሉት የመንግሥት ሠራተኞች ይጠቅማል ብለን እናስባለን። አማርኛ የደጋ ሰው ቋንቋ እንደ መሆኑ መጠን፣ ስለ ማረሻና ስለ ቀንበር ሲናገር ቃል አያጥረውም፤ ስለ ባሕር ሲናገር ግን ቁጥብ ነው። «ባሕር» የሚለው ቃል ራሱ ለቀይ ባሕርም ለጣናም ያገለግላል። መንጠቆ፣ መረብ፣ አጥማጅ፣ ማዕበል የሚሉት ቃላት የታወቁ ናቸው፤ ትልቁን ባለሸራ ጀልባ «ሳምቡክ»፣ ትንሹንም «ሁሪ» ብሎ የሚጠራው ግን የባሕሩ ዳር ሰው ነው። ውኃው በየቀኑ ወደ የብስ የሚመጣበትንና ተመልሶ የሚሸሽበትን ነገር እኛ በዚህ ጽሑፍ «ሙላት» እና «ጉድለት» እያልን እንጠራዋለን። ይህን ሁለት ቃል አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ የታሪካችን እኩሌታ የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነውና።

ምጽዋ ከየብስ ጋር የተያያዘችው በባሕር ውስጥ ድንጋይ ተሞልቶ በተሠራ ጎዳና ነው፤ ይኸውም ከየብስ እስከ ጥዋለት ደሴት፣ ከጥዋለትም እስከ አሮጌው ከተማ ያለው መንገድ ነው። ለመዝናናት የሚወርደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ከከተማው በስተ ሰሜን ወደሚገኘው ወደ ጉርጉሱም ነው። አሸዋው ሰፊ ነው፤ ባሕሩም ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠልቅም። ለማጥመድ የሚያስፈልገውም ዕቃ ብዙ አይደለም። ሰባ ወይም ሰማንያ ሜትር የናይሎን ክር በባዶ ጠርሙስ ላይ ይጠቀለላል፤ በጫፉ አንድ መንጠቆና ትንሽ እርሳስ ይታሰራል፤ በመንጠቆውም ላይ የትንሽ ዓሣ ሥጋ ይሰካል። በዚህ መሣሪያ ብቻ የባሕሩ ዳር ልጆች እኛ ውድ ዘንግ ይዘን ካገኘነው የበለጠ ሲያወጡ በዓይናችን አይተን አፍረናል።

ነገሩ የሆነው ከዚህ ጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ነው። ሦስት የሥራ ባልደረቦቻችንን አስከትለን ጎሕ ሲቀድ ከባሕሩ ዳር ደረስን። ባሕሩ በጉድለት ላይ ስለ ነበር፣ ትናንት ማታ ውኃ ሆኖ ያየነው ሥፍራ ሁሉ እርጥብ አሸዋና ድንጋይ ሆኖ ጠበቀን። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ስምዖን ጴጥሮስና ስለ እንድርያስ መረብ እየሰማን ያደግን በመሆናችን፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ የምናውቅ መስሎን ነበር። የገሊላ ባሕር ግን ጨው የሌለው፣ ሙላትና ጉድለቱም የማይታወቅ ሐይቅ መሆኑን በዚያን ጊዜ አላሰብነውም።

በአሸዋው ላይ መረቡን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ውስጥ ስንሄድ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ወደዚያ ያለ ጫማ አይኬድም፤ ውኃውም ይመለሳል» አሉን። እኛም «እሺ አቦይ» ብለን በትግርኛ አክብረን መለስንላቸውና ምክራቸውን ሳንቀበል አለፍን። ከመካከላችን ከሁሉ ይልቅ ዋና የሚችለው ባልደረባችን ጫማውን አውልቆ በአንገቱ አንጠልጥሎት ነበር። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ገብተን፣ ከውኃው ከፍ ብሎ በሚታየው የድንጋይ ጀርባ ላይ ቆመን ክራችንን ወረወርን። ዓሣውም ይዞ ነበርና ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላስተዋልንም።

ጨረቃና ፀሐይ በሚስቡት ኃይል ምክንያት ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። በፖርት ሱዳን አጠገብ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በምጽዋ ግን በሙላትና በጉድለት መካከል አንድ ሜትር ያህል ልዩነት ይገኛል፤ ይህም ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ይበረታል። አንድ ሜትር ለሚሰማው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን መሬቱ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሲሆን፣ ያ አንድ ሜትር በመቶ የሚቆጠር ሜትር ርቀትን ይሸፍናል። ከዚህም የሚከፋው፣ ውኃው የሚመጣው ከፊት ብቻ አለመሆኑ ነው። አስቀድሞ በሰው ጀርባ በኩል ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ይሞላል። እኛም ዘወር ስንል፣ ስንሄድ ቁርጭምጭሚታችንን እንኳ ያላረጠበው ጎድጓዳ ሥፍራ ወንዝ መስሎ አገኘነው።

ስንጣደፍ ያ ያለ ጫማ የነበረው ባልደረባችን ድንገት ጮኸ። ጩኸቱ የተወጋ ሰው ጩኸት ሳይሆን የተቃጠለ ሰው ጩኸት ይመስል ነበር። በተረከዙ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታዩ ነበር፤ ሌላ ምልክት አልነበረም። የያዝነውን ዓሣ ሁሉ ጥለን፣ ሁለቱ በክንዱና በክንዱ ደግፈውት ውኃው ደረት እየደረሰ ጎድጓዳውን ተሻገርን። እኛ ዋና የማናውቅ በመሆናችን፣ ባዶ የውኃ ጄሪካን ክዳኑን ዘግተን በሁለት እጃችን አቅፈን ነው ያለፍነው። ይህን መግለጽ የሚያኮራ አይደለም፤ ነገር ግን ያ ጄሪካን ባይኖር ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

ከአሸዋው ስንደርስ የሠራነው ሥራ ሁሉ ስሕተት ነበር። አንዱ ቀበቶውን ፈትቶ ከጉልበቱ በታች አጥብቆ አሰረው። ሁለተኛው የዓሣውን ቢላዋ መዝዞ፣ ቁስሉን ቀዶ መርዙን በአፉ ሊመጥ ተዘጋጀ። ሽማግሌው ቢላዋውን ከእጁ ወስደው ወደ አሸዋው ወረወሩት፤ ቀበቶውንም ፈቱት። ቀጥለውም «ትኩስ ውኃ አላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ለሻይ ብለን በፔርሙዝ የያዝነው ነበረን። ያንን በባልዲ ውስጥ ከባሕሩ ውኃ ጋር ቀላቅለው፣ በመጀመሪያ የራሳቸውን እጅ ከተው ሙቀቱን ለኩ፤ ከዚያም የታማሚውን እግር አስገቡት። ውኃው ሲበርድም ልጃቸውን ልከው ከቤታቸው የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ አስመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ያ ሲወራጭ የነበረው ባልደረባችን ዝም አለ፤ ዓይኖቹንም ገልጦ አየን።

ወጊው «የድንጋይ ዓሣ» የሚባለው ነበር። ይህ ዓሣ መልኩ ከባሕር ድንጋይ የማይለይ፣ ከሥፍራው የማይነቃነቅ፣ ሰው ሲቀርበውም የማይሸሽ ነው፤ በጀርባው ላይ 13 ያህል እሾህ አለው፤ የእያንዳንዱም እሾህ ሥር መርዝ ያዘለ ከረጢት ነው። በኋላ በሆስፒታል ሐኪሙ እንደ አስረዳን፣ መርዙ በሙቀት የሚፈርስ ዓይነት ስለ ሆነ የሽማግሌው ዘዴ ትክክለኛ ነው። ውኃው ሰው ሊታገሠው የሚችለውን ያህል ትኩስ፣ ማለት ከ45 ዲግሪ የማይበልጥ መሆን አለበት። ሙቀቱንም መለካት የሚገባው ያልተወጋው ሰው ነው፤ የተወጋው በሥቃዩ ምክንያት መቃጠሉን ላያውቅ ይችላልና። ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ድረስ እየተቀያየረ ይነከራል። መቅደድ፣ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር ግን ከመርዙ ሌላ አዲስ ጉዳት ያመጣል። ትኩሱ ውኃ ሥቃይን ያስታግሣል እንጂ ሐኪምን አይተካም፤ እሾህ ተሰብሮ በሥጋ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል፤ የቲታኖስም መርፌ ያስፈልጋል። የተወጋው ሰው መተንፈስ ካስቸገረው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ነገሩ የደቂቃ ጉዳይ ነው።

ይኸው የትኩስ ውኃ ዘዴ በአሸዋ ውስጥ ተደብቆ በጅራቱ ለሚወጋው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ እንዲሁም ክንፎቹን እንደ ጎፈር ዘርግቶ ለሚንሳፈፈው ለአንበሳ ዓሣ ይሠራል። ጠፍጣፋውን ዓሣ በሚመለከት የባሕሩ ዳር ሰዎች ጥሩ ልማድ አላቸው፤ በአሸዋው ላይ እግራቸውን ሳያነሡ እየጎተቱ ይሄዳሉ። ዓሣው ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ መቼም ቢሆን መውለቅ የለበትም፤ ስለት ያለው የባሕር ድንጋይና የባሕር ጃርት እሾህም አለና። በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ እጅን መስደድ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። በአማርኛ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚል ምሳሌ አለ፤ ትርጉሙም የማይገባውን ነገር የሚመረምር ሰው ያላሰበው መከራ ይመጣበታል ማለት ነው። በቀይ ባሕር ግን ምሳሌው ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ እውነት ይሆናል፤ በየቀዳዳው እባብ የሚመስል ጥርሳም ዓሣ ይኖራልና።

ስለ ፀሐይም እንናገር። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የምጽዋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ደገኛ የሚወርድበት ደኅና ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን የደጋ ሰው ሰውነት ቆላውን ለመልመድ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እኛ ግን የምንወርደው ለሁለት ቀን ነው። የሚገርመው ነገር፣ የባሕሩ ዳር ሰው ራሱን ጠምጥሞ ክንዱን ሸፍኖ ሲሠራ፣ ደገኛው ሸሚዙን አውልቆ ይቆማል። ለግማሽ ቀን ለአንድ ሰው ከ3 ሊትር ያላነሰ የሚጠጣ ውኃ መያዝ ይገባል። የባሕሩ ውኃ በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው ስላለው፣ የሚጠጣው ሰው ጥማቱ ይብስበታል እንጂ አይረካም። ራሱን የሚያዞረው፣ ንግግሩ የሚወላገድ ወይም ቆዳው እንደ እሳት የሚያቃጥል ሰው ሲታይ፣ ወዲያው ወደ ጥላ ወስዶ ልብሱን አላልቶ በውኃ እያረጠቡ ማራገብና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

ልጆችን ይዘው ለሚወርዱ እናቶችና አባቶች የምንለው አጭር ነው። በውኃ የሚሰምጥ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ትንሽ ልጅ በውኃ አጠገብ ሲሆን የወላጅ እጅ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ይሁን፤ የሚጠብቀውም ሰው በዚያን ጊዜ መንጠቆ አይያዝ። የሚሰምጥ ሰው ሲታይ ዘሎ መግባት ሁለት ሬሳ ማውጣት ይሆናል፤ ገመድ፣ ወይም የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ይወረወርለት።

ከሰው መንገድ ወጥተው አዲስ ሥፍራ ለሚፈልጉም አንድ ቃል አለን። በምጽዋና በዙሪያዋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 እና በ1990 ከባድ ጦርነት ተደርጓል። ሰው ከሚመላለስበት መንገድ አለመውጣት፣ የማይታወቅ ብረትም ወድቆ ቢታይ አለመንካት፣ ሥፍራውንም ለባለ ሥልጣን ማመልከት ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ወደ ወጥ ቤት እንግባ፤ ዓሣው ከተያዘ በኋላ የሚመጣ አደጋም አለና። ቱናና የመሳሰሉት ሥጋቸው ጠቆር ያለ ዓሦች በፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ከቆዩ፣ በሥጋቸው ውስጥ ፊትን የሚያቀላ፣ ልብን የሚያስመታና የሚያስታውክ መርዝ ይፈጠራል። ይህ መርዝ በመጥበስም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሽታውም ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ ከምጽዋ ሲነሡ ከክርና ከመንጠቆ ይልቅ አስቀድመው በረዶ ይግዙ። ሲነኩት ሆዱን ነፍቶ እንደ ኳስ የሚያብጠውን ዓሣ ግን ፈጽሞ አይብሉ፤ የሚገድለው መርዙ በእሳት አይለወጥም።

ባልደረባችን ሁለት ሌሊት በሆስፒታል አድሮ ወጣ፤ አንድ ወር ያህል ግን እያነከሰ ወደ ቢሮ ይመጣ ነበር። ሽማግሌውን ልናመሰግን ተመልሰን በሄድን ጊዜ ገንዘብ አንቀበልም አሉ። በአሮጌው ከተማ ወዳለው ምግብ ቤት ወሰዱን፤ ከጀርባው ተሰንጥቆ በርበሬ ተቀብቶ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ በትኩስ ቂጣ በላን። ሲሰነባበቱንም፣ ያ ፔርሙዝ የት እንዳለ ጠየቁን። ከመኪናው አውጥተን አሳየናቸው።